ቡናቸውን ሳትጠጣ ወጣህ

ከአንባቢ የደረሰን ደብዳቤ፦

«ጤና ይስጥልኝ። የ17 ዓመት ልጅ ነኝ። ገርጂ አካባቢ ነው የምንኖረው፤ ዘንድሮ 12ኛ ክፍል እገባለሁ። በሐምሌ መጨረሻ ከሰንበት ትምህርት ቤታችን ልጆች ጋር ለሦስት ቀን የበጎ ፈቃድ ሥራ ሄጄ ነበር። 24 ነበርን። ቦታው ከሽሮ ሜዳ በላይ፣ የእንጦጦ ተዳፋት ላይ ነው። ያደርነው እዚያው ባለ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ውስጥ ነው። ሥራችን የሁለት አቅመ ደካሞችን ቤት ማደስ ነበር፤ ለሁለት ተከፈልን።

እውነቱን ለመናገር መሄድ አልፈለግኩም ነበር። እናቴ ናት የገፋፋችኝ። እዚያ ከደረስኩ በኋላ ግን ደስ አለኝ። ጭቃ በእግሬ ረገጥኩ፣ በእጄ ግድግዳ መረግኩ። ማታ ማታ እንዘምራለን፣ ቆሎ እየቆረጠምን እናወራለን። እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ለእኛ የደረሱን አንዲት ብቻቸውን የሚኖሩ እማማ ናቸው። ድሮ እንጨት ተሸካሚ ነበሩ። «ይህን ጋራ በጀርባዬ አውርጄ ጨርሼዋለሁ» ይሉናል እየሳቁ። በርጩማ ላይ ቁጭ ብለው ያዩናል። «ልጆች፣ ውሃ አበዛችሁ፤ ጭዱም አነሰ» ሲሉን አስተባባሪያችን «እማማ፣ እርስዎ ይረፉ፤ እኛ እንጨርሰዋለን» አላቸው። በመጨረሻው ቀን ቡና ቆልተው፣ ጀበና ጥደው ጠበቁን። መኪናው ደርሶ ስለነበር «ሌላ ጊዜ» ብለን ወጣን። ከመውጣታችን በፊት ግን ዘይትና ዱቄት አስይዘን ፎቶና ቪዲዮ አነሳናቸው። ፊታቸውን በነጠላቸው ከለል ሲያደርጉ አንዷ ልጅ ነጠላውን ወደ ኋላ መለስ አደረገችላቸው።

ቪዲዮውን ቲክቶክ ላይ ለጠፍኩት። 11 ሺህ ሰው አየው። ሁሉም «ተባረክ» ይለኛል። ባለፈው ሳምንት ግን አንዲት ልጅ በውስጥ መስመር ጻፈችልኝ። «አያቴ ናት። ማን ፈቀደልህ? የመረጋችሁት ግድግዳም ተሰነጣጥቋል» ነው ያለችኝ። እስካሁን አልመለስኩላትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። ለእናቴም አልነገርኳትም። ቪዲዮውን ላጥፋው? ምን ብዬ ልመልስላት? ያ ሁሉ ደስታስ ውሸት ነበር ማለት ነው? ለሚቀጥለው ክረምት ከአሁኑ ተመዝገብ ብለውኛል። ልተወው?»

ልጄ፣ መጀመሪያ ቪዲዮውን አጥፋው። ይህን አንብበህ ስትጨርስ ሳይሆን አሁን።

ቀጥለህ ለጓደኞችህ ጻፍላቸው። ቪዲዮውን ያጋራ፣ ፎቶውን ፕሮፋይሉ ያደረገ ሁሉ እንዲያጠፋው ለምነው። አትቆጣቸው፤ አንተም እስከ ባለፈው ሳምንት ድረስ ከእነሱ ጋር ነበርክ። የሰንበት ትምህርት ቤቱ የቴሌግራም ግሩፕ ላይም መኖሩ አይቀርም፤ እሱም ይጥፋ። 11 ሺህ ሰው ያየውን መመለስ አትችልም። ከዚህ በኋላ እንዳይታይ ማድረግ ግን ትችላለህ።

ለልጅቷ የምትጽፈው አጭር ይሁን። «ይቅርታ። ሳላስፈቅድ ነው የለጠፍኩት። አጥፍቼዋለሁ፤ ሌሎቹም እንዲያጠፉ ነግሬያቸዋለሁ። አያትሽን በአካል ሄጄ ይቅርታ ልጠይቃቸው እፈልጋለሁ፤ ትፈቅጂልኛለሽ?» ይበቃል። «ሐሳባችን በጎ ነበር» አትበላት። በጎ እንደነበር እሷም አታጣውም። ያልገባት አያቷን ለምን እንዳልጠየቃችኋቸው ነው። «ቅር ካለሽ ይቅርታ» ደግሞ ጭራሽ አትበላት። ቅር ብሏታል፤ ነግራሃለች እኮ። ብትቆጣህ ተቀበል። ባትመልስልህም አትነዝንዛት።

እናትህን ዛሬ ማታ ንገራት። የላከችህ እሷ ናት፤ የሆነውን ማወቅ አለባት። ደግሞም ቀጥዬ የምነግርህን ነገር ያለ እሷ ብታደርገው አልወድም።

እንዲህ ጠንከር ብዬ የምናገረው ነገሩን ከሌላው ወገን ስለማውቀው ነው። ያደግኩት ኮተቤ ነው፤ ያኔ የከተማው ጫፍ በነበረበት ጊዜ። አባቴ ከሞተ በኋላ እናቴ እንጀራ ጋግራ እየሸጠች ነው ያሳደገችን። በ1988 ዓ.ም. የአሥር ዓመት ልጅ ነበርኩ። ለአዲስ ዓመት ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ወጣቶች ደብተርና የትምህርት ቤት ልብስ ይዘው እንደሚመጡ ተነገረን። እናቴ ሌሊት ተነሥታ መደቡን ለቀለቀች፣ ቄጠማ ጎዘጎዘች። ለፋሲካ ብቻ የምትለብሰውን የሀገር ልብስ ለበሰች። እኔንና ወንድሜን ቅባት ቀብታ፣ ፀጉራችንን አበጥራ በር ላይ አቆመችን።

ወጣቶቹ መጡ። ካሜራ የያዘው ልጅ እናቴን ከላይ እስከ ታች አያትና «እትዬ፣ የዘወትር ልብስ የለዎትም? እንዲህ ለብሰው ከታዩ ረጂዎቹ አያምኑንም» አላት። በክፋት አይደለም፤ ፈገግ ብሎ ነው ያላት። እናቴ ምንም አልመለሰችም። ጓዳ ገብታ ክንዱ ላይ የተቀደደውን ቀሚስ ለብሳ ወጣች። ደብተሮቹን አቅፈን ፎቶ ተነሳን።

ደብተሮቹ ያስፈልጉኝ ነበር። ዓመቱን ሙሉ ተማርኩባቸው፤ ያንን አልክድም። ግን የዚያን ቀን ማታ እናቴ የፋሲካ ቀሚሷን አጥፋ ወደ ሣጥን ስትመልስ አይቻታለሁ። አጠፈችው፣ ፈታችው፣ እንደገና አጠፈችው። ሦስት ጊዜ። ቀሚሱ ላይ ምንም የተጨማደደ ነገር አልነበረም።

ታሪኩ በዚህ ቢያልቅ ኖሮ ምናልባት ዛሬ ለአንተ የምጽፈው ሌላ ነገር ይሆን ነበር። ግን ከወጣቶቹ አንዷ ጃንጥላዋን እኛ ቤት ረስታ ሄደች። ከአሥር ቀን በኋላ ብቻዋን መጣች። ይዛው ልትመለስ ነበር፤ ዝናብ ያዛት። ለጃንጥላም የሚመለስ ዝናብ አልነበረም። እናቴ ቡና አፈላች። ልጅቷ አቦሉን ጠጣች፣ ቶናውን ጠጣች፣ በረካውንም ጠጣች። እናቴ ስለ አባቴ አወራቻት። እሷ ደግሞ ፈተና እንደወደቀች፣ ለቤተሰቦቿ እንዴት እንደምትናገር እንደጨነቃት ነገረቻት። እናቴ መከረቻት። እኔ ጥግ ላይ ቁጭ ብዬ ፈንዲሻ እየበላሁ እሰማ ነበር።

ከዚያ በኋላ ለመስቀል መጣች፤ ለገና መጣች። ባዶ እጇን የመጣችባቸው ቀናት ይበዛሉ። እናቴ ስሟን እያወቀች «የጃንጥላዋ ልጅ» ነበር የምትላት። ስታገባ ጠራቻት። እናቴ ያንን የፋሲካ ቀሚስ ለብሳ ሠርጓ ላይ ዋለች።

አሁን ወደ አንተ ልመለስ። ደስታው ውሸት ነበር ወይ ብለሃል። አልነበረም። ደብዳቤህን ደግመህ አንብበው። ደስ ያለህ ጭቃውን ስትረግጥ፣ ማታ ከጓደኞችህ ጋር ቆሎ ስትቆረጥም ነው። ያኔ ቪዲዮ የለም፣ «ተባረክ» የሚልህም የለም። ሰውነትህ ደክሞ፣ እጅህ ተላልጦ፣ ለሰው ቤት ግድግዳ ስታቆም ደስ አለህ። ሰው የተፈጠረው እንደዚያ ነው። የቲክቶኩ ደስታ በኋላ የመጣ ሌላ ደስታ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ጠቅልለህ አትጣል። ብዙ ሰው አውቃለሁ፤ በወጣትነቱ አንድ ጊዜ አፍሮ «በጎ ሥራ ሁሉ ለታይታ ነው» ብሎ የቀረ። ዕድሜ ልኩን ለማንም ምንም ሳያደርግ፣ ግን የሚያደርጉትን እየነቀፈ ይኖራል። አንተ እንደዚያ እንድትሆን አልፈልግም።

እኔን ከቪዲዮው በላይ ያስጨነቀኝን ነገር ልንገርህ። ቡናው ነው። አንተ በሁለት መስመር አልፈኸዋል፤ እኔ ግን ደጋግሜ አነበብኩት።

እስቲ አስብ። አሥራ ሁለት ነበራችሁ። ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት ቤት ለአሥራ ሁለት ሰው የሚበቃ ሲኒ አይገኝም። ስለዚህ ከጎረቤት ተውሰዋል። ሲዋሱ ደግሞ «ምን ልታደርጊበት ነው?» መባላቸው አይቀርም። «ልጆቼ ቡና ሊጠጡ ነው» ብለው ይሆናል። ቡናውን ከየት አመጡት? ምናልባት ከሱቅ በዱቤ። ስኳሩንም እንደዚያው። ጠዋት ተነሥተው ለቅመውታል፣ አጥበውታል፣ ቆልተውታል፣ ወቅጠውታል። እናንተ «ሌላ ጊዜ» ብላችሁ መኪና ላይ ስትወጡ ጀበናው እሳት ላይ ነበር። ከዚያ በኋላ እማማ ያልተነካ ሲኒ ለጎረቤት መልሰዋል። ሲመልሱ ምን እንዳሉ አላውቅም። ማሰብ ግን እችላለሁ።

ዘይቱንና ዱቄቱን ሰጣችሁ። ግድግዳውን መረጋችሁ። እሳቸው የሰጧችሁን ግን አንዱንም አልወሰዳችሁም። ምክራቸውን «ይረፉ» ብላችሁ መለሳችሁ፤ ቡናቸውን «ሌላ ጊዜ» ብላችሁ መለሳችሁ። ነጠላው የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ሰው ሁሌ ተቀባይ ብቻ ሲደረግ ፊቱን መሸፈን ያምረዋል። የእኔ እናት ያኔ ደብተር በመቀበሏ አይደለም ያፈረችው። የለበሰችው ቀሚስ፣ የጎዘጎዘችው ቄጠማ ለእንግዳ ያዘጋጀችው ነበር፤ እሱን የሚቀበላት ሰው አጣች። የጃንጥላዋ ልጅ ያደረገችው ነገር ሌላ አይደለም። ሦስት ሲኒ ቡና ተቀብላ ጠጣች፤ ምክር ተቀብላ ሄደች።

ጌታ በወንጌል ከሚያመሰግንባቸው ነገሮች አንዱ እንግዳ መቀበል ነው። በሰንበት ትምህርት ቤት ተምረኸዋል። ሁልጊዜ ራሳችንን ከእንግዳ ተቀባዩ ወገን እናቆማለን። እዚያ ግቢ ውስጥ ግን እንግዶቹ እናንተ ነበራችሁ። የተቀበሏችሁ እማማ ናቸው።

«ይህን ጋራ በጀርባዬ አውርጄዋለሁ» ያሉህንም እንደ ቀልድ አትለፈው። አንተ እንጦጦን የምታውቀው ምናልባት በፓርኩ ነው። ፓርኩ የተከፈተው በ2013 ዓ.ም. ነው፤ ያኔ ትንሽ ልጅ ነበርክ። ጋራው ግን ከዚያ በፊት ሌላ ሕይወት ነበረው። ባሕር ዛፉ ከባሕር ማዶ መጥቶ የተተከለው በአፄ ምኒልክ ዘመን ነው፤ ስሙም ከዚያ ነው የወጣለት። ያኔ አዲስ አበባ የማገዶ እንጨት አልቆባት፣ ዋና ከተማው ወደ አዲስ ዓለም ይዛወር እስከ መባል ተደርሶ ነበር። ባሕር ዛፉ አስቀራት። ዛፉን ከጋራው ወደ ከተማው የሚያወርደው ግን ማን ነበር? ሴቶች ናቸው። በሌሊት ወጥተው ቅጠሉንና ጭራሮውን ይለቅማሉ፣ ያስራሉ፣ ጎንበስ ብለው በጀርባቸው ተሸክመው እስከ ሽሮ ሜዳ ይወርዳሉ። ሸክሙ ከኋላ ሲታይ ሴትዮዋ አትታይም፤ የሚሄድ ቁጥቋጦ ነው የሚመስለው።

ኤሌክትሪክ ምጣድ በየቤቱ ከመግባቱ በፊት የዚህ ከተማ እንጀራ የተጋገረው በዚያ ቅጠል ነው። እናቴም የምትጋግርበትን ቅጠል የምትገዛው ከተሸካሚ ሴት ነበር፤ የእኛ ከየካ ተራራ ነበር የሚወርደው። ሴትዮዋ ሸክሟን በራችን ላይ ስታወርድ የምታሰማው ትንፋሽ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። የሸክሟ ገመድ ደረቷ ላይ ሰምበር አውጥቶ ነበር። እናቴ ሁሌ መጀመሪያ ውሃ ትሰጣታለች፤ ሂሳብ ከዚያ በኋላ ነው። እኛ ያደግነው በእናቴ እንጀራና በእሷ ጀርባ ነው። እንግዲህ የእናንተ እማማም ለስንት ቤት እሳት አውርደው ይሆን? ጀርባቸው ጎብጦ ካየኸው የዕድሜ ብቻ እንዳይመስልህ።

ወደ ግድግዳው እንምጣ፤ እዚህ ላይ የሚያጽናናህ ነገር አለኝ። እማማ ያሉት ልክ ነበር። የምርጊት ጭቃ የተፈጨ አፈር በውሃ መለወስ ብቻ አይደለም። የጤፍ ጭድ ገብቶበት ይረገጣል፣ ከዚያ ለቀናት ተከድኖ ይብላላል። በየመሐሉ እንደገና ይረገጣል። ጭዱ እየለሰለሰ ሲሄድ ጭቃውን እንደ ጅማት ያያይዘዋል። ውሃ የበዛበት፣ ጭድ ያነሰው ጭቃ ግን ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ሲኮማተር ይሰነጠቃል። እናንተ በሦስት ቀን አቡክታችሁ፣ መርጋችሁ፣ ፎቶ ተነሥታችሁ ወጣችሁ። ያውም በሐምሌ፣ እንጦጦ ላይ፣ ጉም ከቤት በማይወጣበት ወር።

ግን ይህንንም እወቅ። የመጀመሪያው ምርጊት በደንብ ቢሠራም ትንሽ መሰንጠቁ አይቀርም። ለዚህ ነው ምርጊቱ ከደረቀ በኋላ ስንጥቁን የሚደፍን ቀጭን ልስን የሚመጣው። ሥራው ሁለት ዙር ነው። ግድግዳው ስለተሰነጠቀ አትሸማቀቅ። የጎደለው ለሁለተኛው ዙር የሚመለስ ሰው ነው። ጥቅምት ላይ ፀሐይ ስትጠነክር ልስኑ ይሠራል። እስከዚያ ዝናብ የሚመታው ጎን ላይ ላስቲክ መወጠር ይቻላል፤ ይህ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው።

ስለዚህ ሂድ። ልጅቷ ከፈቀደች፣ የፍልሰታ ጾም እስኪፈታ ጠብቅ። በፍልሰታ ብዙ እናቶች ቅዳሴ ላይ ስለሚውሉ ቤታቸው ላታገኛቸው ትችላለህ። ቅዳሜ ወይ እሑድ ከሰዓት ይሁን። ከእናትህ ጋር ብትሄድ ደስ ይለኛል። እሷ ካልተመቻት አንድ ጓደኛ ይበቃሃል፤ ሃያ አራት ሆናችሁ እንዳትሄዱ። ከስድስት ኪሎ ሽሮ ሜዳ ታክሲ አለ፤ ከዚያ በላይ ያለውን መንገድ አንተ ታውቀዋለህ። ድጡ መጥፎ ነው፤ ቦቲ አድርግ። የቡድኑን ቲሸርት አትልበስ። ግማሽ ኪሎ ጥሬ ቡናና ስኳር በፌስታል ያዝ። ስልክህ ከኪስህ አይውጣ። ልጅቷ «አትምጣ» ካለችህ ደግሞ አትሂድ። የሚያውቋቸውን የዚያ ደብር አባት ወይም እናንተን ያስተናገደውን ሰው ፈልገህ ይቅርታህን በእነሱ በኩል አድርስ።

እማማ ሲያዩህ የሚሉህን ከወዲሁ መገመት እችላለሁ። «ኧረ ምን አጠፋችሁ ልጆቼ፣ እግዜር ይስጣችሁ እንጂ!» ይሉሃል። አስተዳደጋቸው ነው እንዲህ የሚያስብላቸው። አንተ ግን «እንግዲያው ምንም አልሆነም» ብለህ አትለፈው። ጉልበታቸውን ሳም። «እማማ፣ ሳላስፈቅድዎ ፎቶዎን ለሰው አሳየሁ። አጥፍቼዋለሁ። ይቅር ይበሉኝ» በላቸው። ቃሉ ከአፍህ ይውጣ።

ስለ አስተባባሪያችሁ ትንሽ ልበል። ከደብዳቤህ በእሱ እንደተናደድክ ይታየኛል። «ይረፉ» ማለቱ እኮ በእኛ ዘንድ አክብሮት ነው። ግን አንዳንዴ «ዝም ይበሉ» ማለትም ሆኖ ይሰማል፤ እሱ ይህን አላስተዋለውም። 24 ልጅ ማብላት፣ ማሳደር፣ በየሰዓቱ የሚደውሉ ወላጆችን መመለስ፣ መኪና መጠበቅ ያጣድፋል። ግሩፕ ላይ አትውቀሰው። ከጉባኤ በኋላ ለብቻው አግኘውና ያየኸውን ንገረው። የልጅቷን መልእክት አሳየው። ካሜራ ይዞ እኛ ቤት ለመጣው ለዚያ ልጅ አንድ ሰው ለብቻው ቢነግረው ኖሮ ብዬ ብዙ ጊዜ አስባለሁ። ነጠላውን የመለሰችውንም ልጅ እንደዚሁ፤ ምናልባት እሷም እንደ አንተ እንቅልፍ አጥታ ይሆናል።

አስተባባሪህን ስታገኘው ለሚቀጥለው ዓመት ሐሳብ ይዘህ ሂድ። ቲሸርት የሚታተምበት ገንዘብ ካለ ምርጊት የሚያውቅ አንድ የሰፈሩ ባለሙያ ይቀጠርበት። ቀን ሠራተኛ በየሰፈሩ አለ፤ እንጀራውም ነው። እናንተ አቡኩ፣ አቀብሉ፣ ተሸከሙ። እሱ ይምረግ፣ እያያችሁም ተማሩ። ጭቃው ከሳምንት በፊት ይቡካ። የቤቱ ባለቤት «እንዲህ ይሁንልኝ» ሲሉ ሥራው እንደ እሳቸው ቃል ይሁን። በመጨረሻው ቀን ደግሞ መኪናው ሁለት ሰዓት ዘግይቶ ይምጣ፤ ቡና የሚጠጣው በዚያ ሰዓት ነው። ካሜራ የሚባል ነገር ከፕሮግራሙ ይውጣ። ለቤተ ክርስቲያኑ ሪፖርት የግድ ፎቶ ያስፈልጋል ከተባለ ግድግዳውን አንሱ። ግድግዳ አያፍርም።

ለክረምቱ ልመዝገብ ወይ ላልከው፣ ተመዝገብ። ግን መጀመሪያ የጥቅምቱን ልስን ጨርስ።

ከእማማ ጋር ቁጭ ስትሉ ግድግዳውን አንተ ቀድመህ አታንሳው። ይቅርታህን ጠይቀህ ዝም ብለህ ቡናህን ጠጣ። በአቦሉ ላይ ስለ ጤናህ፣ ስለ ትምህርትህ ይጠይቁሃል። በቶናው ላይ ስለ እናትህ። ግድግዳውን ራሳቸው ያነሡታል። አገጫቸውን ወደ ስንጥቁ ቀና አድርገው «ውሃ አበዛችሁ ብዬ ነበር» ይሉሃል። ያኔ «አዎ እማማ፣ ብለው ነበር። ስንት ቀን ነው መብላላት ያለበት?» ብለህ ጠይቃቸው።